የእትየ ትብለጥ ቡናና ዝምታ

የእማሆይን ማረፍ የነገረኝ የባለቤቴ ወንድም ነው። ከዘንገና በላይ ካለው መንደራችን ተነሥቶ በፈረስ አሁን የምኖርበት ዳንግላ ሲደርስ እኔ ደጃፌ ላይ በርበሬ አስጥቼ ዶሮ እከለክላለሁ። ከፈረሱ ሳይወርድ፣ “እማሆይ አረፉ፤ ትናንት ተቀበሩ” አለኝ። የምንወደው ሰው ሲሞት የሚቀድመው እንባ ነው ይባላል። እኔን የቀደመኝ ዕፍረት ነው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁት። አላፊ አግዳሚው ያለቀስሁ መስሎት “እግዜር ያጥናሽ” እያለኝ አለፈ።

ቆብ ደፍተው ሳይመነኩሱ በፊት ስማቸው እትየ ትብለጥ ነበር። እኔ እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነው የምጠራቸው፤ ቅር ብሏቸው አያውቅም።

ከዳንግላ ወደዚያ መንደር በሙሽርነት ስሄድ አገውኛ አልሰማም ነበር። አማቴ ወይዘሮ ይመኙሽ አማርኛ ቢያውቁም ሲቆጡ በአገውኛ ነው፤ ስለዚህ ምን እንዳጠፋሁ የሚነግሩኝ እትየ ትብለጥ ነበሩ። የሁለታችንን ግቢ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ነው። በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ፣ “ወጡን አሳረርሽው ነው የምትልሽ። አይዞሽ፣ እሷም ሙሽራ ሳለች ታሳርር ነበር” ይሉኛል። አማቴም ከውስጥ፣ “ሰማሁሽ!” ይላሉ። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኞች ናቸው።

እትየ ትብለጥ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው የወንድ እጅ የሚያህል ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሲስቁ አፋቸውን አይሸፍኑም። ዝም ሲሉ ደግሞ እንደሳቸው ዝም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

በየማለዳው ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ፣ በሴቶቹ በር በኩል ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። የነፍስ አባታችን መምሬ ይትባረክ ይህን “ተመስጦ” ይሉታል። እሳቸው ግን “መቀመጥ” ነው የሚሉት። አባታችን ሆይን ቀስ ብለው ይደግማሉ። ከዚያ ከጸሎቱ አንዲት ቃል ይይዙና በእሷ ላይ ዝም ይላሉ። “በሰማያት የምትኖር” የምትለውን ይዘው ፀሐይ ጀርባቸውን እስክታሞቀው የሚቆዩበት ቀን አለ። ዝንብ ግንባራቸው ላይ ቢያርፍ አያባርሩትም።

የመጀመሪያ ልጄን በኩፍኝ ባጣሁ ጊዜ የመንደሩ ሰው ሁሉ አጽናናኝ። ሁሉም ደግ ደግ ነገር ነገረኝ፤ አንዱም ጆሮዬ አልገባም። እትየ ትብለጥ በሦስተኛው ቀን ማለዳ መጡ፤ እጄን ይዘው ወሰዱኝና ከድንጋዩ ጥግ አስቀመጡኝ። በአገውኛም ሆነ በአማርኛ ምንም አላሉኝም። በማግስቱም መጡ። እንዲህ እየሆነ ክረምት ገባ። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ልጆች ሰጥቶኛል፤ አሳድጌአለሁ፤ ክብር ምስጋና ይግባው። ያን ጊዜ ያ ድንጋይ ባይኖር ግን አእምሮዬ አብሮኝ ይኖር እንደነበር እንጃ።

ቡናቸውም እንደ ዝምታቸው የታወቀ ነው። ወፍራም፣ ጨው የበዛበት፣ ለሌላ ሰው የሚመር። ሳይጠጡ ወደ ድንጋያቸው አይወጡም።

“ቡና ሳልጠጣ ብጸልይ እመቤታችን ራሷ ‘ማነሽ አንቺ?’ ትለኛለች” ይላሉ።

“አንቺ ሴት፣ አፍሽን ያዥ!” ይላሉ አማቴ እያማተቡ።

“ምን ዋሸሁ? ሳልጠጣማ እኔም ራሴን አላውቀው።”

አንድ ልጃቸውን ድረዋል። መሬታቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተዋል። የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ቆብ ደፍተው፣ መነኩሴ ሆነው መሞት። ይህን ለመምሬ ይትባረክ የጠየቁት ከሁዳዴ ጾም በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እኛም ቆመን እንሰማ ነበር።

መምሬ ይትባረክ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። በእሳቸው ቤት ቡና አይፈላም። በዚያ ዘመን ቡና ለክርስቲያን አይገባም የሚሉ የቆዩ ካህናት ገና ነበሩ።

“አንቺ ልትመነኩሺ? በማለዳ ተነሥተሽ መጀመሪያ የምትሰግጂው ለጀበናሽ አይደለም?” አሉ።

“አልሰግድም አባ። ጎንበስ ብየ ልቀዳ ነው።”

ሰዉ ሳቀ። መምሬ ይትባረክ እንኳ ከንፈራቸውን ሊሰበስቡ ታገሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ስሚኝ ልጄ። ቡና መጠጣትሽ አይደለም የቸገረኝ። ያለሱ መቀመጥ አለመቻልሽ ነው። መነኩሴ ያለሱ አልችልም የምትለው አንድ ብቻ ነው መሆን ያለበት። ይችን ሁዳዴ ያለ ቡና ጹሚ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ከቻልሽ ቆቡን እኔው ባርኬ እደፋልሻለሁ። ካልቻልሽ አትጠይቂኝ” አሏቸው።

እትየ ትብለጥ መሬት ሳሙ።

የመጀመሪያውን ሳምንት አልረሳውም። ራሳቸውን በመቀነት ጠፍረው አስረው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ። እንደ ወትሮው አይደሉም። እግራቸውን ያነሣሉ፣ ይጥላሉ፤ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ዝንቡን ይመታሉ።

“ዛሬስ እንዴት ነበሩ?” እላቸዋለሁ።

“እግዚአብሔርን አንድ ጊዜ አሰብሁት። ቡናን ግን ሳላቋርጥ። ምነው እንዲህ አጥብቄ እሱን ባስበው ኖሮ፣ ይኸኔ ክንፍ ባወጣሁ።”

እየሳቁ ነው የሚሉት። ግን ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ አጥሩን ይዘው ሲያስመልሳቸው አይቻለሁ። አማቴም አይተዋል።

በዚያ ጾም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ቡናውን ሲጠጣ እሳቸው የገብስ ቡና ይጠጡ ነበር። ገብሱን እስኪጠቁር ቆልቶ ወቅጦ የሚልክላቸው የእኛ ቤት ነው። የምቆላውም የምወቅጠውም እኔ አልነበርሁም፤ አማቴ ይህን ለማንም አልሰጥም ብለው በእጃቸው ነው የሚሠሩት። እኔ የተወቀጠውን በትንሽ ቅል አድርጌ በአጥሩ ቀዳዳ አቀብላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት እትየ ትብለጥ ዳኑ። መቀነቱን ከራሳቸው ፈቱ። ድንጋዩ ላይ ሲቀመጡ ያ የማውቀው ዝምታ ተመለሰ፤ እንዲያውም ከበፊቱ የጠለቀ መሰለኝ። አጠገባቸው ስቀመጥ የእኔም ሐሳብ ይረጋል። አንድ ቀን ከድንጋዩ ስንነሣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው፣ “ልጄ፣ ለማንም አትንገሪ። ቃና ዘገሊላን ታውቂያለሽ አይደል?” አሉኝ።

“ውኃው ወይን የሆነበት?”

“የእኔም ገብስ ቡና ሆኗል። እውነቴን ነው። ቡና ቡና ይለኛል፤ ራሴንም ተወኝ፤ ልቤም ረጋ። እኔ ማን ሆኜ ነው እንዲህ የሚያደርግልኝ?” ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

እኔ ለማንም አልተናገርሁም። እሳቸው ግን ለነፍስ አባታቸው ሳይነግሩ መቆየት አልቻሉም። መምሬ ይትባረክም በገብር ኄር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑን አቁመው፣ “ልጃችን ትብለጥን ተመልከቱ። የምትወደውን ብትተውለት እግዚአብሔር ገብሷን አጣፈጠላት። እናንተስ ምን ትታችሁለታል?” አሉ። ሴቱ እልል አለ። እትየ ትብለጥ አንገታቸውን ደፉ። አጠገቤ የቆሙት አማቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሲስቡት ከደስታ የተነሣ መስሎኝ ነበር።

ፋሲካ ዋለ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሁለት ቀን ሲቀር አማቴ ለቆቡ ድግስ የጎደለ ሊገዙ ቆሰበር ገበያ ሄዱ። ያን ዕለት በአጥሩ ቀዳዳ ባዶው ቅል መጣ፤ “ገብሴ አለቀ” አሉኝ እትየ ትብለጥ። አማቴ የተወቀጠውን የት እንደሚያስቀምጡት አውቃለሁ፤ ከአልጋቸው ራስጌ የተሰቀለ ሌላ ቅል አለ። አወረድሁት። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግሁት። ገብስ አለበት። ቡናም አለበት።

ቅሉን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ አማቴ ከገበያ ገቡ። አዩኝ። የያዙትን አስቀምጠው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

“ለራስ ምታቷ ያህል ነው። ገብሱ ይበዛል” አሉ።

“እማየ፣ እሳቸው እኮ ቃና ነው የሚሉት።”

“እኔ ነኝ ቃና በይ ያልኋት?” ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። “ስታስመልስ አላየሽም? አብራኝ ያደገች ሴት አጥር ይዛ ስታቃስት ዝም ልበል? አንድ ሁለት ቀን ሰጥቻት ልተው ብየ ነበር። ከዚያ ደስ አላት። ከዚያ ቄሱ አወጁት። በየት በኩል ልመለስ?”

“ይንገሯቸው።”

“ቆቧን አስቀርቼ? የምትሞትለትን? ባትሰማ ማን ይጎዳል? በይ ንገሪኝ፣ ማን ይጎዳል?”

ቅሉን ከድኜ መልሼ ሰቀልሁት። በማግስቱ ማለዳ ግን ከእትየ ትብለጥ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ስቀመጥ ገላዬ አልረጋ አለኝ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ፊታቸው እንደ ተኛ ሕፃን ፊት ነው። በልጄ ሞት ጊዜ ያኖረኝ ያ ዝምታ ነበር፤ አሁን ግን ከሥሩ ያለውን አውቃለሁ። አብሬያቸው መቀመጥ አልቻልሁም። ሲነሡ ነገርኋቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ፊቴን አይተው መሳቁን ተዉ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከቅድስት ሳምንት።”

“መቀነቴን ከፈታሁበት ቀን” አሉ ለራሳቸው። ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሲስቁ አፋቸውን እንኳ የማይሸፍኑት ሴት። “ቃና አልሁ እኮ። ወይኔ ትብለጥ፣ በአምላክ ፊት ቃና አልሁ።”

ቆይተው እጃቸውን አወረዱና፣ “ይመኙን ለማንም እንዳታነሺ። ሰማሽኝ? ለባልሽም ቢሆን” አሉኝ።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰዉ ነጭ ለብሶ ወጣ። ልጃቸው ከሩቅ አገር መጥታለች። ዳቦው ተቆርሷል፤ ቆቡ መሶብ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። መምሬ ይትባረክ መስቀላቸውን ይዘው ሲጠሯቸው እትየ ትብለጥ ወደ ፊት ወጥተው ተንበረከኩ።

“አባ፣ ቆቡን አልቀበልም። ቡና ጠጥቻለሁ።”

ለእልልታ የቀረቡት ሴቶች እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

“መቼ?” አሉ መምሬ ይትባረክ።

“በጾሙ ሁሉ።”

“ያ ያልሽኝስ? ገብሱ?”

“ገብስ አልነበረም አባ። ቡና ነበር።”

“አውቀሽ ነው ሳታውቂ?”

አማቴ ከጎኔ ናቸው። ክንዴን ይዘውታል፤ ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። እትየ ትብለጥ ሳላውቅ ነው ቢሉ ነገሩ በሰላም ያልቃል። መምሬ ይትባረክም የሚጠብቁት ያን ነበር፤ ፊታቸው ይለምናል። አፌን ከፈትሁ። እትየ ትብለጥ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው “ተይ” አለኝ። አፌን ዘጋሁ።

“ጠጥቻለሁ” አሉ ደግመው።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ “ቃና ዘጀበና!” አለች። ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። ልጃቸው ፊቷን ሸፍና ከሰዉ ወጣች። መምሬ ይትባረክ በሕዝቡ ፊት አውጀውት ነበርና እሳቸውም ተዋርደው ነበር፤ “እኔን መሳቂያ አደረግሽኝ” ብለው ቆቡን ይዘው ገቡ። እኛም ከሚስቁት ጋር በአንድ በር ወጣን። አማቴ ቤት ደርሰው በር ዘግተው ተኙ። ለዚያ ድግስ ያዘጋጁትን ምግብ ማንም አልቀመሰውም።

ማታውን ወደ እትየ ትብለጥ ሄድሁ። “ሳላውቅ ነው ለምን አላሉም?” ብየ አለቀስሁባቸው። እሳቸው ናቸው ያባበሉኝ።

“ሳላውቅ ነው ብል ማን አጠጣሽ ሊሉኝ ነው። እሱ አንድ ነገር ነው።” በነጠላቸው ጫፍ እንባዬን ጠረጉልኝ። “ሌላው ግን ይብሳል። ልጄ፣ ልቤ በእውነት ረግቶ ነበር። እግዚአብሔር ያረጋው መስሎኝ ነበር። አሁን ማን እንዳረጋው አላውቅም። እሱ ይሁን ቡናው አላውቅም። ያለፈውም ዕድሜየ ሁሉ፣ በየማለዳው ጠጥቼ ስቀመጥ ያረጋኝ ማን እንደነበር አላውቅም። ይህን ሳላውቅ ምኔ ላይ ነው ቆብ የምደፋው?”

ይህን ሲሉ ያፈሩት በሰው ፊት እንዳልነበር ገባኝ። የሰዉን ሳቅ ረስተውት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ተዉ፤ የገብሱንም ተዉ። ውኃ ብቻ። ሰባት ስምንት ቀን ራሳቸው ሲፈልጣቸው ቆየ፤ ከዚያ ለቀቃቸው። ዝምታው ግን አልተመለሰም። በየማለዳው ይቀመጣሉ፤ እኔም እቀመጣለሁ። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ መጣ፤ የቀርከሃ ባርኔጣ ደፍተው ይቀመጣሉ። የሚያልፉ ሴቶች፣ “እትየ፣ ዛሬስ ምን ሆነልዎ? ውኃው ጠጅ ሆነ?” ይሏቸዋል። “ገና ነው፣ ሲሆን እጠራሻለሁ” ይላሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ፊታቸው ሲወድቅ አያለሁ።

“ረጋ?” እላቸዋለሁ።

“አልረጋም። እንደ ገበያ ነው። የሞተው ባሌ ይመጣል፣ ልጄ ትመጣለች፣ የወተት ላሜ ትመጣለች።”

“ታዲያ ምን ያደርጋሉ?”

“ምን አደርጋለሁ፤ ሁሉንም ይዤ እቀመጣለሁ።”

አማቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ የእትየ ትብለጥን ግቢ አልረገጡም። በአጥሩ ቀዳዳም አያዩም። እኔ እህል ሳደርስ፣ “እንዴት ናት?” ብለው ይጠይቁኛል፤ መልሱን ሳልጨርስ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ፍልሰታ ተጾሞ ተፈታ። እትየ ትብለጥ እኔን አስከትለው መምሬ ይትባረክ ቤት ሄዱ። ቄሱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ አነጋግረዋቸው አያውቁም።

“ጠጣሽ?” አሉ ሳያይዋቸው።

“አማረኝ። አልጠጣሁም።”

“ልብሽስ? ረጋ?”

“አልረጋም አባ።”

“አንድ ቀንም?”

“አንድ ቀንም። የቀድሞውን ያረጋው ማን እንደሆነም እስካሁን አላወቅሁ።”

መምሬ ይትባረክ አሁን ዘወር ብለው አዩዋቸው። “ታዲያ በየማለዳው እዚያ ዝናብ ውስጥ ምን ስትሠሪ ነበር?”

“ስቀመጥ ነበር።”

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ገቡና ቆቡን ይዘው ወጡ። “የዛሬ ሰው የረጋለትን ያመጣልኛል። ያልረጋለትን ይዞ የመጣልኝ የለም” አሉ። “እሑድ ነይ። በሳቁብሽ ሰዎች ፊት ነይ።”

እሑድ ጸጉራቸው ተቆረጠ፤ ለሞተ ሰው የሚደረሰው ፍትሐት በቁማቸው ተደረሰላቸው፤ እማሆይ ተባሉ። አማቴ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። አሞኛል አሉ።

ከቅዳሴው በኋላ እማሆይ ትብለጥ ወደ ቤታቸው አልገቡም። ቀጥ ብለው ወደ እኛ በር መጡ። አማቴ ምድጃው ጥግ ነበሩ፤ ሲያዩዋቸው ሳይነሡ ፊታቸውን ወደ እሳቱ አዞሩ። እማሆይ አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከቆየን በኋላ አማቴ በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፤ ያን ጊዜ አገውኛውን ለምጄው ስለነበር ሰማሁት። “ምን ላጠጣሽ?” ነው ያሉት።

“ገብስ” አሉ እማሆይ።

አማቴ ቆሉ፣ ወቀጡ፣ አፈሉ። ቀድተው በእኔ እጅ ላኩት። እኔም ሲኒውን ይዤ ከምድጃው እስከ መደቡ ባለችው ትንሽ መንገድ ላይ፣ ምን ነካኝ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትሁት።

ቀና ስል ሁለቱም ያዩኛል። የአማቴ ፊት ምን እንደሆነ መጻፍ አልችልም። እስከ ዛሬ እማሆይ በተነሡ ቁጥር የማየው ያን ፊት ነው። ልጃቸው ነበርሁ፤ በጓደኛቸው ፊት ሌባ አደረግኋቸው።

“አምጪው እንጂ ልጄ፣ ቀዘቀዘብኝ” አሉ እማሆይ።

ተቀበሉኝ። አላሸተቱም፤ ወደ ውስጡም አላዩም። በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ጨረሱና ሲኒውን ለእኔ ሳይሰጡ ራሳቸው ወደ አማቴ ዘረጉት።

“ይመኙ፣ ድገሚኝ።”